«ካየሽው ፊልም ሁሉ የቱ ይበልጣል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ከተለያየ ከተማና በተለያየ ዕድሜ ካሉ ሰዎች የተጻፉ ቢሆኑም፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘኋቸው በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚሻ በመሆኑ የአምዱን አብዛኛውን ቦታ ወስዷል፤ የቀሩት ጠያቂዎች በዚህ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦

ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው ቡና በሚፈላበት ሰዓት ትልቁ የልጅ ልጄ «እማማ፣ በሕይወትሽ ካየሽው ፊልም ሁሉ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «ማዘር ኢንዲያ» አልኩት። ያየሁት በልጅነቴ፣ ከእናቴ ጋር፣ ፒያሳ በሚገኝ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ሂንዲ አትሰማ፣ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ አታነብ፤ ሆኖም ከእኔ ቀድማ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ልጆቹ ሣቁብኝ። ትልቁ ስልኩን አውጥቶ በዓለም ሕዝብ ድምፅ አንደኛ የተባለው ፊልም ሌላ መሆኑን አሳየኝ፤ እኅቱ ደግሞ «እማማ፣ አንቺ የምትወጂው እኮ ፊልሙን ሳይሆን እናትሽን ነው» አለችኝ። ይህ የኋለኛው አነጋገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በእርግጥ የወደድኩት የትኛውን ነው? ምርጥ ፊልምስ በምን ይታወቃል?
ሰ.፣ ከጉለሌ

መልስ፦

ውድ ወይዘሮ ሰ.፣ በመጀመሪያ የልጅ ልጅዎ የጠየቀበትን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ። «ከፊልም ሁሉ የቱ ይበልጣል?» አላለም፤ «ካየሽው ፊልም ሁሉ» ነው ያለው። «ካየሽው» የምትለዋ ቃል ከገባች ዘንድ ጥያቄው ዳኛ መፈለጉን ትቶ ምስክር ይፈልጋል። ምስክር ያየውን እንጂ የሰማውን አይናገርም፤ በዚያም ላይ የት ቆሞ፣ መቼና ከማን ጋር ሆኖ እንዳየ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። እርስዎ ፒያሳን፣ ልጅነትዎንና እናትዎን መጥቀስዎ እንግዲህ የምስክርነት ቃልዎ አካል ነውና የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

በስልኩ ያሳየዎት ዝርዝር የሌሎች ሰዎች ቃል ነው፤ ቢሆንም እንዴት እንደሚጠናቀር ማወቁ አይከፋም። አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ተመልካቾች በሚሰጡት ነጥብ ለብዙ ዓመታት በአንደኝነት የቆየው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህ ፊልም በሲኒማ ቤቶች መታየት በጀመረበት ወቅት የወጣበትን ገንዘብ እንኳ መመለስ አልቻለም፤ ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶም ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰው የወደደው ኋላ፣ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። ወደ ድረ ገጹ የምርጦች ዝርዝር ለመግባት አንድ ፊልም ቢያንስ 25,000 ድምፅ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ከገባም በኋላ ነጥቡ እንዳለ አይወሰድለትም፤ ድምፅ ሰጪው ባነሰ ቁጥር ነጥቡ ወደ ጠቅላላው አማካይ እንዲሳብ ተደርጎ ይሰላል። ስሌቱ አምስት ወዳጆቹን ሰብስቦ ዐሥር ከዐሥር የሚያሰጥን ብልጣ ብልጥ ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ አልነቅፈውም። ነገር ግን በኢንተርኔት ነጥብ የመስጠት ልማድ የሌለው ሕዝብ የሚወደው ፊልም ከበር ይመለሳል፤ ከአገራችን ፊልሞች ወደ 25,000 የተጠጋ አለመኖሩ ሥራቸውን የሚመዝን አይደለም። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀሱ እናቶችማ ከናካቴው በቁጥር አልገቡም።

የባለሙያዎቹም ፍርድ ቢሆን እንደሚታሰበው የጸና አይደለም። የእንግሊዝ የፊልም ተቋም የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ ምርጥ ፊልሞችን ያወጣል፤ እያንዳንዱ ተጠያቂ ዐሥር ፊልሞችን ያለ ደረጃ ይጠቅሳል፤ በብዙ ሰው የተጠቀሰው አንደኛ ይሆናል። በመጀመሪያው ጊዜ ያሸነፈው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ሲሆን ያን ጊዜ ከተሠራ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ከ1962 እስከ 2002 የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» አንደኝነቱን ይዞ ቆየ፤ በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ተረከበው፤ በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው፣ በብራስልስ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍና ወጥ ስትሠራ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያሳየው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። ይህ ፊልም ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ደረጃው ከሠላሳኛም ዝቅ ያለ ነበር። በመካከሉ በፊልሙ ላይ አንዲት ምስል አልተጨመረችም፤ የተጨመረው ተጠያቂው ነው፤ በ2012 ድምፅ የሰጡት 846 ሲሆኑ በ2022 ከ1,600 በለጡ። በዚያው ዙር የሴኔጋሎቹ የጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲና የኡስማን ሰምቤን ሥራዎች ከመቶዎቹ ተርታ ተሰልፈዋል። ሌላ ሰው ሲጠየቅ ሌላ ፊልም ይጠራል ማለት ነው፤ ይህን ለልጅ ልጅዎ ይንገሩልኝ።

እኅቱ የተናገረችው ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ በቁጥርም የሚመለስ አይደለም። «የምትወጂው እናትሽን ነው» ስትል፣ ፊልሙ ባዶ ዕቃ ነው፣ ትዝታሽን ነው የጨመርሽበት ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ያጋጥማል፤ ከመጀመሪያ ፍቅረኛው ጋር ያየውን ተራ ፊልም ዕድሜውን ሙሉ ሲያወድስ የሚኖር ሰው አውቃለሁ፤ ስለ ፊልሙ አንድ ትዕይንት ንገረኝ ሲሉት የሚነግራቸው ስለ ልጅቷ ቀሚስ ነው። ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው፤ እናትዎን ለጊዜው ከወንበሩ ያስነሡና በሸራው ላይ ምን እንደቀረ ይመልከቱ።

እኔ ልመልከትልዎት። መሕቡብ ኻን በ1957 የሠራው ይህ ፊልም የሚነሣው ከአንድ የሠርግ ብድር ነው። አማት ለልጇ ድግስ ከመንደሩ አራጣ አበዳሪ 500 ሩፒ ትበደራለች፤ በውሉ ላይ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች ለአበዳሪው ይፈርዱለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ለወለዱ ብቻ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱን እየሰፈረ ሊሰጥ ይገደዳል። ይህን ለመረዳት ሂንዲ መስማት ያስፈልጋልን? ጢሰኛ ሲሶና እኩል በሚያርስበት፣ አራጣ ቤት በሚያፈርስበት አገር ተወልዳ ያደገች ሴት፣ እህል ከአውድማ ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ሲጋዝ ስታይ አስተርጓሚ አያሻትም። ቀጥሎ ባልየው ቋጥኝ ተንከባሎ ሁለት እጆቹን ይወስድበታል፤ ከኀፍረት የተነሣም ቤቱን ጥሎ ይጠፋል፤ ጎርፍ ይመጣል፤ በሬ የለም፤ ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ ማረሻውን ራሷ ትጎትታለች። ያቺን ትዕይንት ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ። ሴትዮዋ ወደ ፊት አዘንብላ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ በበሬው ቦታ ገብታ ትስባለች፤ ልጆቿ አብረዋት አሉ፤ ዘፈኑም አብሯት ይሄዳል።

ከዚያም መጨረሻው አለ። የራዳ ልጅ ቢርጁ ሽፍታ ሆኖ ተመልሶ አራጣ አበዳሪውን ይገድልና ልጁን በሠርጓ ዕለት በፈረስ ጭኖ ይነጉዳል። ይህ በእኛ አገር ስም ያለው ነገር ነው፤ ጠለፋ ይባላል። እናት ጠብመንጃ ታነሣለች፤ «ተው» ትለዋለች፤ አልሰማ ሲላት የገዛ ልጇን ተኩሳ ትጥለዋለች። ጠለፋ በብዙ ስፍራ እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ፒያሳ አዳራሽ ውስጥ ሴት ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ ይህን ያየች እናት ምን እንዳሰበች እኔ ልነግርዎ አልችልም፤ እርስዎ ግን አጠገቧ ነበሩ። ስለዚህ ለልጅ ልጅዎ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ዕንባው የእናትዎ ቢሆንም ያስለቀሳት ፊልሙ ነው፤ ቋንቋ የማታውቅን ሴት በምስል ብቻ ጉዳዩ ውስጥ ያስገባ ፊልም ባዶ ዕቃ ሊባል አይችልም። እናትዎ ለፊልሙ ሁለተኛ ምስክር ናቸው፤ ያውም ከእርስዎ የበለጡ።

ይህን ስል ግን «ማዘር ኢንዲያ» ካየሁት ሁሉ ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ የእኔ ቃል ሌላ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ገና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት በ1974፣ አገር ቤት ገብተው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ በጥቁርና ነጭ የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በዚያም ፊልም ውስጥ ሰው በቀንበር ይታያል፤ በሕልም ትርኢት ጢሰኞቹ እንደ በሬ ተጠምደው ባለርስቱ በጅራፍ ይነዳቸዋል። አንድ ምስል፣ ሁለት ፊልም። በሕንዱ ፊልም ውስጥ የራዳ ድካም ቀለም አለው፣ ዜማ አለው፤ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ እናትነትን አክብሮ ይወጣል። በኃይሌ ፊልም ውስጥ የሚከበር የለም። ካሜራው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ቆሞ ሰዎቹን ከመሬቱ ጋር አሳንሶ ያሳያቸዋል፤ ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ይጮኻል፤ ከብት የምትጠብቀው ልጅ በሞላ ወንዝ ላሚቱን ላድን ስትል ውኃ ይወስዳታል፤ ማንም ዘፈን አይዘፍንላትም። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቀንበሩን ካየሁ በኋላ የሚያጽናናኝ ነገር ስላልሰጠኝ፣ ምስሉ ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጣ። እርስዎ የራዳን ቢመርጡ ግን እንሟገታለን እንጂ ተሳስተዋል አልልዎትም። በነገራችን ላይ የኃይሌ ፊልም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም መስቀለኛ ጥያቄ ነው። የልጅነት ምስክርነት ይሳሳታል። ከላይ የጠቀስኩትን «የብስክሌት ሌቦች» በሃያ ዓመቴ በአንድ የባህል ተቋም አዳራሽ አይቼው ነበር። የሮማው ሥራ አጥ፣ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ሥራ የግድ የሚያስፈልገው ብስክሌት ከተሰረቀበት በኋላ ቀኑን ሙሉ ከትንሽ ልጁ ጋር ሲፈልግ ውሎ፣ በመጨረሻ ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር በልጁ ፊት ይያዛል፤ ባለቤቱ ልጁን አይቶ ይምረዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለስንት ሰው ተርኬዋለሁ! «አባትየው የልጁን እጅ ይዞ ከሕዝቡ ጋር ይሄዳል» እያልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሜ ሳየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። አባት እያለቀሰ ይራመዳል፤ ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያም የአባቱን እጅ ፈልጎ የሚይዘው ልጁ ነው። በዚያው ቀን ጧት በጥፊ የመታውን አባት እጅ! እኔ በሃያ ዓመቴ ይህን አላየሁም፤ ወይም አይቼ፣ አባት ልጁን ማጽናናት አለበት የሚለው እምነቴ ገልብጦ አስቀምጦልኛል። ስሕተቱን ካወቅሁ ወዲህ ፊልሙ ከፊተኛው የበለጠ ሆኖብኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ በወጣትነቴ ከሁሉ ይበልጣል ስለው የኖርኩትን አንድ የጦርነት ፊልም ደግሜ ባየው ከጭስና ከጩኸት በቀር ያገኘሁበት ነገር አልነበረም፤ ስሙን አልጠራም፤ የሚወዱት አሉ።

ስለዚህ አደራ የምልዎት ይህ ነው። «ማዘር ኢንዲያን» ዳግም ከማየትዎ በፊት የሚያስታውሱትን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ፊልሙ የተከፈተበትን፣ ራዳ ስታርስ ፊቷ ወዴት እንደነበረ፣ ልጇ ሲወድቅ ምን እንዳደረገች። ከዚያ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎም ከልጆቹ ጋር ይዩት። ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ስለሆነ ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ይበቃል። በስልክ ግን አይሆንም፤ ከተቻለ በትልቅ ቴሌቪዥን፣ መጋረጃው ተዘግቶ ይሁን። ገጹንና ፊልሙን ሲያስተያዩ ያልተገናኙበትን ቦታ ቢጽፉልኝ በዚሁ አምድ አትመዋለሁ።

ጥያቄ፦

በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ዘጠኝ ባልደረቦች ነን። በወር አንድ ቅዳሜ ማታ በየተራ ቤት እየተሰበሰብን ፊልም እናያለን። ሁለተኛ ዓመታችንን ስንደፍን እስካሁን ካየነው ምርጡን እንምረጥ ብለን እጅ በማውጣት ድምፅ ሰጠን፤ አራት ሰው የመረጠው ፊልም አሸነፈ፤ ይሁን እንጂ የቀረነው አምስታችን ፊልሙን ጨርሶ አንወደውም። አሁን ኩርፊያ ገብቷል። ምን እናድርግ?
የቅዳሜ ማታ ተመልካቾች፣ ከአዳማ

መልስ፦

ኩርፊያችሁ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን የአራቱ ሳይሆን የአቆጣጠሩ ነው። የኦስካር ሽልማት ሰጪዎችም ለምርጥ ፊልም የሚወዳደሩትን ከአምስት ወደ ዐሥር ባሳደጉ ጊዜ ይኸው ችግር ስለታያቸው፣ ከ2010 ሥነ ሥርዓት ጀምሮ ለዚህ ሽልማት ብቻ ሌላ አቆጣጠር ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ አንድ ፊልም መምረጡን ትቶ ፊልሞቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው በደረጃ ይጽፋል። ቆጣሪዎቹ በመጀመሪያ አንደኛ የተባሉትን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ አነስተኛው ይወጣና የእሱ ወረቀቶች በሁለተኛነት ወደተጻፈባቸው ፊልም ይተላለፋሉ፤ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል።

በእናንተው ቁጥር ላሳያችሁ። «ሀ» የተባለውን ፊልም አራት ሰው፣ «ለ»ን ሦስት፣ «ሐ»ን ሁለት ሰው አንደኛ ብሎ ጻፈ እንበል። በእጅ ማውጣት «ሀ» ያሸንፋል። በደረጃ ስትቆጥሩ ግን ከግማሽ በላይ ማለት አምስት ስለሆነ «ሀ» አልደረሰም፤ አነስተኛው «ሐ» ይወጣል፤ የእሱ ሁለት ሰዎች በሁለተኛነት «ለ»ን ጽፈው ከሆነ «ለ» አምስት ሆኖ ይመረጣል። በዘጠኝ ቁራጭ ወረቀት፣ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይሁንና ጉድለቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ይህ አቆጣጠር ማንም የማይጠላውን ፊልም ይጠቅማል። ሁለት ሰው ከነፍሱ የሚወደው፣ ሰባቱ ግን የሚተኛበት ፊልም በዚህ መንገድ መቼም አይመረጥም፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም መፍትሔው ድምፅ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ የሚወዱት ሁለቱ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ይሰጣቸውና አንዲት ትዕይንት መርጠው ለምን እንደወደዷት ያስረዱ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በዕለቱ ያልነበረ ሰው ባላየው ፊልም ላይ ደረጃ አይስጥ። ይህ ነገር ለኦስካሮቹም አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2025 ባወጡት ደንብ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት የፈለገ አባል በዚያ ዘርፍ የታጩትን ሁሉ ማየት ግዴታው ሆኗል። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሽልማት እስከዚያ ድረስ ያላየውን ሲመርጥ መኖሩ ቢያስቅም፣ እናንተ ከሁለተኛ ዓመታችሁ ጀምራችሁ ልትበልጡት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦

ልጆቼ የተወለዱት እዚህ አሜሪካ ነው፤ ወንዱ ዐሥራ ስድስት፣ ሴቷ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ለመናገር ግን ያፍራሉ። «ካየኸው የኢትዮጵያ ፊልም ምርጡን አሳየን» አሉኝ። አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለኝ፤ መጀመሪያ ባሳያቸው ፊልም ከሰለቻቸው ሁለተኛ አይሰሙኝም። «ጤዛን» ላሳያቸው?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ለልጁ አዎ፣ ለልጅቷ ገና ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን የወርቅ ፈረስ የተቀበለ ሥራ ነው። ነገር ግን ሽልማቱን ትተን ታሪኩን እንይ፤ አንበርብር የተባለው ምሁር ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ፊልሙ በመንደሩ፣ በደርጉ አዲስ አበባና በጀርመን መካከል እየተመላለሰ ሁሉንም ቀስ በቀስ ይነግረናል። ጭካኔው ከባድ ነው፤ ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚዘል ታሪኩን የማያውቅ ወጣት ግራ ይጋባል። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ሲጠይቅ እያቆሙ ያሳዩት። ከአገር የወጣ አባት ይህን ፊልም ከልጁ ጋር ሲያይ ከፊልሙ ውጪ የሚመለስ ጥያቄ መኖሩ አይቀርም፤ ይዘጋጁበት።

ለልጅቷ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እመርጣለሁ፤ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ ከድርቅ አካባቢ ከበጉ ጋር ወደ ዘመዶቹ ይላካል፤ አጎትየው በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል፤ ልጁ ደግሞ ከእርሻ ይልቅ ወጥ መሥራት የሚችል፣ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ የሚሸጥ ሆኖ ይገኛል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጉ ይታረድ ይሆን እያለች እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች፤ ግማሹን አማርኛ ሳታውቀው ትሰማዋለች።

ሁለቱን በአንድነት ማሳየት ካለብዎ ግን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ይሻላል፤ ሴቷ ልጅ ትንሽ እስክትጎለምስ ግን ይቆይ፣ ጠለፋን የሚናገር ነውና። በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች ያገኘው ሽልማት የተመልካች ድምፅ የሚሰጠው ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛው ፊደል ሲጻፍ ለአሜሪካዊ ምንም አይነግረውም፤ በአማርኛ ግን ጀግንነትንም በሴት ላይ የሚፈጸምን በደልንም በአንድ ቃል እንደሚይዝ ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ይሆናል።

እግረ መንገድዎን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዋሽንግተን የሚያወርደው የጆርጂያ ጎዳና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በኃይሌ ገሪማ ቤተሰብ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር በኩል ያልፋል። የመደብሩ ስም የተወሰደው በ1993 ከወጣው «ሳንኮፋ» ፊልማቸው ነው፤ አከፋፋዮች እንቢ ባሏቸው ጊዜ ከከተማ ከተማ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ያሳዩት ፊልም ነው። ሴቷ ልጅዎም ከዚያ መደርደሪያ ላይ በገዛ እጇ አንድ ብትመርጥ፣ እርስዎ ከመረጡላት ይልቅ በጉጉት ትመለከተዋለች።

ጥያቄ፦

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያየሁት ፊልም እስከ ዛሬ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ችግሩ ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ፤ መጨረሻውን አላየሁም፤ ርዕሱንም አላውቀውም። ምርጤ ነው ማለት እችላለሁ?
ተ.፣ ከደሴ

መልስ፦

የግማሹ ምስክር ነዎት፤ «ግማሹን አይቻለሁ» ብለው እስከተናገሩ ድረስ የሚከለክልዎ የለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ በዚያ ዘመን በብዙ ቪዲዮ ቤት ባለቤቱ ወይም እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ወጣት ፊት ቆሞ እየጮኸ ይተረጉም ነበር፤ ያልተባለውንም ያስብል ነበር። እርስዎ የወደዱት የፊልሙን ታሪክ ይሁን የተርጓሚውን ፈጠራ የሚታወቀው ፊልሙ ሲገኝ ነው። የዋናውን ተዋናይ መልክ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ይታይ የነበረውን ትዕይንትና ፊልሙ ባለቀለም ይሁን ጥቁርና ነጭ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ሌሎች አንባቢያንም ያውቁት ይሆናልና በሚቀጥለው ወር አወጣዋለሁ።